የወጣውን ክፍል ምን እናድርገው? ተከታታይ ታሪክ ለሚጽፉና ለሚስሉ ተማሪዎች



ውድ እህትና ወንድሞች፣ ከመካከላችን በስልኩ ሥዕል እየሠራ በቴሌግራም የሚለቅ አለ፤ ልብ ወለድ እየጻፈ በየሳምንቱ አንድ አንድ ክፍል የሚያስነብብም አለ። እንዲህ ያለውን ሥራ የጀመረ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። አሥር ክፍል ካወጣ በኋላ ሦስተኛውን ክፍል መለስ ብሎ ሲያየው ይቆጨዋል። አንዱን ገጸ ባሕሪ ያለ በቂ ምክንያት ገድሎታል፤ ወይም የአንድን ወገን ሰው መሳቂያ አድርጎታል፤ ወይም ታሪኩን መውጫ የሌለው ቦታ ወስዶ ጥሎታል። አሁን ምን ያድርግ? ይሰርዘው? ያርመው? ወይስ እንዳላየ ሆኖ ይለፈው?

ይህ ጽሑፍ መልሱን የሚፈልገው ከዚህ በፊት ያው ጥያቄ ከገጠማቸው ደራሲዎችና ሰዓሊዎች ሥራ ነው። አንዱ ከእኛው ከጎጃም ናቸው፤ ሌሎቹ ከሩቅ አገር ናቸው። ሥራቸውን ጎን ለጎን ስናስቀምጠው ቁጭት ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ እናያለን። አንባቢ ያዘነበት ክፍል አለ፤ ሰው የተበደለበት ክፍል አለ፤ ደራሲው አድጎ የጠበበው ታሪክም አለ። የሦስቱም መድኃኒት የተለያየ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንበል። ስለ ሥዕል ሸሪዓዊ ብያኔ ዑለማዎች ያላቸውን የተለያየ አስተያየት ይህ ጽሑፍ አያነሣም፤ በዚህ ላይ ጥያቄ ያለው ወደ ኡስታዞቻችን ቢሄድ ይሻላል። እዚህ የምንለው በጽሑፍ ብቻ ለሚተርክም ይሠራል።

ተከታታይ ታሪክ በምን ይለያል?

መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው የመጨረሻውን ምዕራፍ ከጨረሰ በኋላ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ማረም ይችላል። ሥራው አንባቢ እጅ የሚገባው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ተከታታይ ታሪክ ግን እየተሠራ ይነበባል። አንደኛው ክፍል አንባቢ ዘንድ ሲደርስ ሁለተኛው ገና በደራሲው ልብ ውስጥ ነው፤ አሥረኛው ደግሞ ለራሱ ለደራሲውም አልታየውም። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር በችኮላ የተወሰነ ነገር በስድስተኛው ወር እንደ ዕዳ ይከተላል።

በኢንተርኔት የሚወጣ ኮሚክ የዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ኮሚክ ሥዕልና ንግግር በተርታ በተደረደሩ ሳጥኖች ውስጥ ተቀናጅተው ታሪክ የሚናገሩበት ጥበብ ነው። ድሮ በጋዜጣና በመጽሔት ይወጣ ነበር። ኢንተርኔት ሲመጣ ግን ሰዓሊው አሳታሚ ደጅ ሳይጠና ሥራውን በቀጥታ ለአንባቢ ማድረስ ቻለ። በደቡብ ኮሪያ ሥዕሎቹን ከላይ ወደ ታች በረጅሙ ደርድሮ በስልክ ለማንበብ የሚመች ዌብቱን የሚባል ስልት ተስፋፋ፤ ናቨር የተባለው ኩባንያ ይህን አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በእኛም አገር በብሥራት ደበበ የተመሠረተው ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተሰኘውን የጀግና ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል፤ «ሐዊ» የተባለች ሴት ጀግናም ተከትላለች።

የዚህ አሠራር ጥቅሙም ጣጣውም ከአንድ ቦታ ይመጣል፤ አንባቢው ቅርብ ነው። ክፍሉ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ይቆጣል፣ ሦስተኛው «ይቺ ልጅ እንዳትሞት!» ብሎ ይጽፋል። ደራሲው ይህን ሁሉ እየሰማ ቀጣዩን ክፍል ይሠራል። የትኛውን መስማት፣ የትኛውን ማለፍ እንዳለበት ካላወቀ ታሪኩ ከእጁ ይወጣል።

አንባቢ ሲያዝን፦ ከማንኩሳ የጀመረው ታሪክ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጃቢ ጠህናን ወረዳ፣ ማንኩሳ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። መንገደኛ ሳያስተውላት ሊያልፍ ይችላል። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ግን ማንኩሳን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወለዱ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተማርከው በጣሊያን አገር ታሰሩ፤ ከነጻነት በኋላም በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገለገሉ። ልብ ወለዱን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ በክፍል በክፍል የወጣ አይደለም፤ ሙሉ ሆኖ ታትሟል። ይሁን እንጂ ኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሕዝቡ እንደ ተከታታይ ታሪክ እየጠበቀ አደመጠው። በዚህ ምክንያት ለጥያቄያችን ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ማንኩሳ ላይ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው በዛብህ እንዲያድግላቸው ስለት ይሳላሉ፤ ካደገ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል፣ ትዳር አይዝም። ልጁ አደገ፤ ተማረ። ዲማ ላይ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ተቀጠረ፤ ተዋደዱም። መጨረሻው ግን በዛብህ ይሞታል፤ ሰብለ ወንጌልም ትመነኩሳለች።

መጽሐፉን ጨርሶ «ምናለ በዛብህ ባይሞት ኖሮ!» ያላለ አንባቢ ማግኘት ያስቸግራል። ታዲያ ሐዲስ ሊቆጩ ይገባ ነበርን? እስቲ መጨረሻውን እንቀይረው። በዛብህ ይዳን፣ ሰብለን ያግባ እንበል። ይህ እንዲሆን በመጀመሪያ ልጁ ሳይጠየቅ ማንኩሳ ላይ የተገባው ስለት መፍረስ አለበት። ከዚያ ደግሞ በዘር ሐረጋቸው የሚመኩት ፊታውራሪ መሸሻ የድሀ ልጅ ለሆነ አስተማሪ ልጃቸውን ለመስጠት መስማማት አለባቸው። ፊታውራሪው እንዲህ ቀና ሰው ከሆኑ ደግሞ ሥርዓቱን ፊት ለፊት የሚተቸው ጉዱ ካሳ ሥራ አይኖረውም። አንዱን ክር ስንመዝ ጨርቁ በሙሉ ተተረተረ ማለት ነው። ሐዘኑ መጨረሻ ላይ የተለጠፈ ነገር አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ሲመጣ ነበር።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ መመዘኛ እናገኛለን። የወጣ ክፍል ሲቆጨን ራሳችንን እንጠይቅ፦ ይህን ብቀይር የታሪኩን መነሻ መቀየር አለብኝ ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ክፍሉ የታሪኩ ሥር ነው፤ አንባቢ ቢያለቅስም አይነካም። መልሱ አይደለም ከሆነ፣ ማለትም ክፍሉን ብናወጣው ሌላው ሁሉ እንደ ነበረ የሚቆም ከሆነ፣ ያ ክፍል ድሮም የገባው ለድንጋጤ ወይም ለጭብጨባ ነበር።

ሐዲስ በዛብህን ከመቃብር አላስነሡም። ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1974 ዓ.ም.፣ «ወንጀለኛው ዳኛ»ን አሳተሙ፤ በ1980 ዓ.ም. ደግሞ «የልምዣት»ን። የመጀመሪያው መጽሐፍ እንደ ቆመ ቀረ፤ ደራሲው የቀረውን ሐሳባቸውን ለአዲስ ሥራ አዋሉት።

ሁሉም ደራሲ ግን እንዲህ አልጸናም። እንግሊዛዊው አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆምስ የተባለውን መርማሪ በመጽሔት በተከታታይ ይጽፍ ነበር። ገጸ ባሕሪው ስለሰለቸውና ሌላ ሥራ መሥራት ስለፈለገ እ.ኤ.አ. በ1893 በስዊዘርላንድ ፏፏቴ ውስጥ ጨምሮ ገደለው። አንባቢው ግን አልለቀቀውም። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1901 ከሞቱ በፊት የተፈጸመ ነው ብሎ አንድ ታሪክ ጀመረ፤ በ1903 ደግሞ ሆምስን ከነነፍሱ መለሰው። ይህን ማድረግ የቻለው በመጀመሪያው ታሪክ ሬሳ ስላልታየ ነው። በር ዘግቶ ቁልፉን ግን አልጣለውም ነበር። አመላለሱም በዝምታ አልነበረም፤ ሆምስ እንዴት እንደተረፈ፣ እነዚያን ዓመታት የት እንደቆየ በታሪኩ ውስጥ አስረድቷል። አንባቢን ማስደሰት ነውር አይደለም፤ የቀደመውን ክፍል እንዳልነበረ ማድረግ ግን አንባቢን መናቅ ነው።

ሰው ሲበደል፦ ዲከንስና የጻፉለት ሴቶች

እስካሁን ያየነው አንባቢ ያዘነበትን ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከዚህ ይከብዳል። ታሪኩ በእውን ያለን ሰው ወይም ወገን ሲጎዳ ነገሩ የጥበብ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ የሰው ሐቅ ይሆናል። በዚህ ላይ ቻርልስ ዲከንስን የሚያህል ምሳሌ አይገኝም። እርሱም ልብ ወለዶቹን በየወሩ እየቆረጠ የሚያወጣ ሰው ነበርና ከዛሬዎቹ የኢንተርኔት ሰዓሊዎች ጋር በዚህ ይመሳሰላል።

«ዴቪድ ኮፐርፊልድ» እ.ኤ.አ. ከ1849 እስከ 1850 በየወሩ እየወጣ ሳለ ዲከንስ ሚስ ሞቸር የምትባል በጣም አጭር ሴት አስገባ። አቀራረቧ መሳቂያና አጠራጣሪ ነበር። አንዲት ጎረቤቱ ክፍሉን አንብባ ራሷን አወቀች። ቁመቷም ሥራዋም የተወሰደው ከእርሷ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያውቃት፣ ልቧ እንደተሰበረ ጻፈችለት። ዲከንስ የወጣውን ክፍል ማስመለስ አይችልም፤ በሺህ የሚቆጠር ቅጂ በየቤቱ ገብቷል። ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ነበር፤ የታሪኩን አቅጣጫ መቀየር። ከወራት በኋላ ሚስ ሞቸር ተመልሳ ስትመጣ አስተዋይና ልበ ቀና ሴት ሆነች፤ ሰውን በመልኩ አትገምግሙ የምትለውም ራሷ ሆነች፤ በመጨረሻም ወንጀለኛ በማስያዝ ረዳች።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ሰፋ ይላል። ዲከንስ እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1839 ባወጣው «ኦሊቨር ትዊስት» ውስጥ ሕፃናትን ስርቆት የሚያሠለጥን ፌጊን የተባለ አይሁዳዊ አለ። ደራሲው በስሙ ከመጥራት ይልቅ ደጋግሞ «አይሁዱ» እያለ ይጠራዋል። በ1863 ኢላይዛ ዴቪስ የምትባል አይሁዳዊት፣ ባሏ የዲከንስን ቤት የገዛው ሴት፣ ይህ በሕዝቧ ላይ የተፈጸመ በደል መሆኑን ገልጻ ጻፈችለት። ዲከንስ መጀመሪያ ራሱን ተከላከለ። ነገሩ ግን ከልቡ አልወጣም። ከ1864 እስከ 1865 ባወጣው «አወር ሙችዋል ፍሬንድ» ውስጥ ራያ የሚባል ደግ አይሁዳዊ ሽማግሌ አስገባ። አራጣ አበዳሪው ክርስቲያን ነው፤ ሽማግሌው ግን ስሙን ለማሳበቢያ ተበድሮበት ጥላቻውን ይሸከማል። በ1867 ደግሞ «ኦሊቨር ትዊስት» እንደገና ሲታተም ዲከንስ «አይሁዱ» የሚለውን ቃል ከብዙ ቦታ አወጣው።

ይህን ታሪክ እኛ በሁለት በኩል ልናነበው ይገባል። በአንድ በኩል ስለ ሙስሊሞች የተሠሩ ፊልሞችና ታሪኮች ውስጥ ወንጀለኛው በስሙ ሳይሆን በሃይማኖቱ ሲጠራ ምን እንደሚሰማ የምናውቅ ነን። ዴቪስ ያደረገችው ነገር በጨዋ ቋንቋ፣ ነገሩን ለይቶ፣ ለባለቤቱ በቀጥታ መጻፍ ነበር። በሌላ በኩል ብዕሩ በእኛ እጅ ሲሆን እኛም ያንኑ ልናደርግ እንችላለን። የዶርም ጓደኛን ስሙን ብቻ ቀይሮ፣ አካሄዱንና አነጋገሩን እንዳለ ወስዶ ማሳቂያ ማድረግ ቀልድ ይመስላል፤ ባለቤቱ ቢሰማው የሚከፋው ከሆነ ግን ጊባ ነው። በሥዕል መሆኑ ነገሩን አያቀለውም፤ እንዲያውም ከሰው ሰው እየተላለፈ ይቆያል።

አንድ ጥንቃቄ እናክል። ብዙ ሐያሲዎች ራያ ከፌጊን ጋር ሲነጻጸር ሕይወት የሌለው ገጸ ባሕሪ ነው ይላሉ፤ እንከን የለውም፣ አይቆጣም፣ አይስቅም። በደል የደረሰበትን ወገን መልአክ አድርጎ መሳል ካሳ ይመስላል እንጂ ያም ሰውነትን መንፈግ ነው። ሰው የሚፈልገው እንደ ሰው መታየት ነው፤ ከነድካሙ፣ ከነቀልዱ፣ ከነምክንያቱ።

ታሪኩ ሲጠብ፦ የሁዳ ፋህሚ መንገድ

ሦስተኛው ዓይነት ቁጭት ከማንም በደል አይመጣም። ደራሲው ሲያድግ የጀመረበት ሐሳብ ይጠበዋል። ለዚህ አሜሪካዊቷን ሁዳ ፋህሚን እንይ። ሁዳ የእንግሊዝኛ መምህርት የነበረች፣ ሒጃብ የምትለብስ ሙስሊም ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢንስታግራም አጫጭር ኮሚክ መልቀቅ ጀመረች። ርዕሱ በአማርኛ «አዎ፣ ይሞቀኛል» እንደ ማለት ነው። በበጋ ሒጃብ ለብሳ ሲያያት «አይሞቅሽም?» ለሚላት ሰው ሁሉ የተሰጠ መልስ ነው። ሥራው ተወደደ፤ በ2018 መጽሐፍ ሆነ።

የእነዚያ አጫጭር ቀልዶች ሴራ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነበር፤ አንድ የማያውቅ ሰው ይጠይቃል፣ ሙስሊሟ ትመልሳለች። ጥሩ መነሻ ነው። ግን ውስጡ አንድ ወጥመድ አለ። ገጸ ባሕሪዋ የምትናገረው ሲጠይቋት ብቻ ከሆነ፣ ሳይጠይቋት ማን ናት?

ከዚያ በኋላ የሠራችው ሥራ ይህንኑ ጥያቄ ፊት ለፊት ያነሣል። በ2021 ያወጣችው ረጅም የሥዕል ታሪክ ዋና ገጸ ባሕሪ ሁዳ የምትባል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ቤተሰቧ ብዙ ሙስሊሞች ወደሚኖሩባት ወደ ዲርቦርን ከተማ ይዛወራል። በቀድሞ ትምህርት ቤቷ «ሒጃብ የምትለብሰዋ ልጅ» ነበረች፤ እዚህ ግን ሒጃብ የሚለብሱት ብዙ ናቸው። መለያዋ ጠፋ። ስለዚህ ሁዳ ሌሎቹ እንዴት እንደሚያዩዋት መጨነቋን ትታ እርሷ ራሷ ማን እንደሆነች መፈለግ ግድ ሆነባት። ሰዓሊዋ የድሮውን ቀልድ አላወገዘችም፣ አልሰረዘችም፤ ገጸ ባሕሪዋን ያ ቀልድ የማይሠራበት ከተማ ወስዳ አስቀመጠቻት። በ2023 የወጣው ቀጣዩ መጽሐፍ ደግሞ ትኩረቱን ወደ ቤተሰቡ፣ ወደ እህትማማቾቹ አዞረ፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ለብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ሆነ።

ያለፈ ሥራን መመርመር ማለት እንግዲህ ራስን መውቀስ ብቻ አይደለም። «ያኔ የያዝኩት ጥያቄ ምን ነበር? አሁንስ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ምንድን ነው?» ማለትም ነው።

ወደ ሥራ ስንመጣ፦ አንድ ምሳሌ

ይህን ሁሉ በእኛው አካባቢ እንሞክረው። እንበልና አንዲት እህታችን ኮሚክ ጀመረች። ዋና ገጸ ባሕሪዋ ከቡሬ የመጣች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ አባቷ በርበሬ ነጋዴ ነው። የዶርም ጓደኛዋ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ካለ ገጠር የመጣች የበቆሎ ገበሬ ልጅ፣ ክርስቲያን ናት። በሦስተኛው ክፍል ይቺ ጓደኛ በሱብሒ ሰዓት ስልክ ሲጮኽ ተነሥታ ትጮኻለች፤ በቡሬዋ ልጅ ሶላትም ታላግጣለች። አንባቢው ሳቀ፤ ተናደደም። ኮሚኩ በአንድ ሌሊት ብዙ ተከታይ አገኘ። በስምንተኛው ክፍል ግን ሰዓሊዋ ተቸገረች። ጓደኛዋ ክፉ ሆና ቀርታለች፤ ታሪኩ ከዶርሙ መውጣት አቃተው። ክርስቲያን አንባቢዎቿም ዝም አሉ።

አራት መንገድ አላት።

አንደኛው ማጥፋት ነው። ክፍሉ ግን በብዙ ስልክ ላይ ተቀድቷል፤ የከፋው ሰው አስቀድሞ ከፍቶታል። ማጥፋት ግዴታ የሚሆነው የእውነተኛ ሰው ምስጢር፣ ፎቶ ወይም ማንነቱን የሚያሳብቅ ነገር ሲኖር ነው። ያኔ ሳይውል ሳያድር ይጠፋል፤ ባለቤቱም በአካል ይቅርታ ይጠየቃል።

ሁለተኛው በዝምታ መቀየር ነው። የፊደል ስሕተትና የተጣመመ እጅ በዚህ መንገድ ቢታረም ችግር የለውም። ሴራን በዝምታ መቀየር ግን ድሮ ያነበበውንና ዛሬ ያነበበውን ሰው ያጣላል፤ ሁለቱም ስለተለያየ ታሪክ ይከራከራሉ።

ሦስተኛው ማስታወሻ መጻፍ ነው። ሁለት መስመር ይበቃል፦ ምን እንዳልተስተካከለ፣ ከዚህ በኋላ ምን እንደሚሆን። ረጅም ማብራሪያ ራስን መከላከል ይሆናል፤ አንባቢውም ታሪኩን ትቶ ስለ ደራሲዋ ማውራት ይጀምራል።

አራተኛው አዲስ ክፍል ነው። ዘጠነኛው ክፍል ያንኑ ንጋት ከገጠሯ ልጅ በኩል ያሳይ። ስልኩ የጮኸው አንድ ጊዜ አይደለም፤ የቡሬዋ ልጅ ሦስት ጊዜ አጥፍታ ተኝታለች፣ የተነሣችው በአራተኛው ነው! የገጠሯ ልጅ ደግሞ ለፈተና ስታጠና አምሽታ ገና መተኛቷ ነበር። ከዚያ ታሪኩ ወደ ገጠር ይውጣ። ሠርግ አለ፤ እናቷ ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ምግቡ ለብቻ እንዲሠራ፣ ሥጋውም በእነርሱው እጅ እንዲታረድ ከሳምንት በፊት ታሳስባለች። ይህ በአማራ ክልል ገጠሮች የሚታወቅ የጉርብትና ወግ ነው። ልጅቷ በዚህ ቤት ያደገች ናት፤ ሶላት እንግዳ አልሆነባትም። ያንጨረጨራት እንቅልፏ ነው። ማላገጧ ግን ስሕተት ነበር፤ እርሱም ሳይድበሰበስ ይነገር። የቡሬዋም ልጅ ስልኳን ትራስ ሥር ማድረግ ትልመድ።

ሦስተኛው ክፍል አልተሰረዘም፤ ግን ትርጉሙ ተቀየረ። ያኔ ክፉ የመሰለችው ልጅ ዛሬ ምክንያት ያላት፣ የተሳሳተች፣ የምታስቅም ሰው ሆነች። መልአክም አልሆነችም። የዲከንስን ጥሩውን ወስደን ድካሙን ተውንለት ማለት ነው። ታሪኩም ከዶርም ወጥቶ ቡሬ ገበያ፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ፣ የገጠር ሠርግ ቤት ደረሰ።

ከመልቀቃችን በፊት

ቁጭትን ጨርሶ ማስቀረት አይቻልም፤ መቀነስ ግን ይቻላል። ለጀማሪ የሚጠቅሙ ጥቂት ልምዶች እነሆ።

መጨረሻውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አስቀምጡ። ለማንም አታሳዩት፤ መንገድ ላይ ብትቀይሩትም ችግር የለውም። ግን ወዴት እየሄዳችሁ እንደሆነ ሳታውቁ አትጀምሩ።

ሦስት ክፍል በእጃችሁ ሳትይዙ አንደኛውን አትልቀቁ። የፈተና ሳምንት ሲመጣ የችኮላ ሴራ የሚወለደው በእጅ ምንም በሌለ ጊዜ ነው።

በአንድ ደብተር ላይ ለአንባቢ የገባችሁትን ቃል ሁሉ መዝግቡ። በሁለተኛው ክፍል አንድ የተቆለፈ ሣጥን ካሳያችሁ አንባቢው አይረሳውም፤ እናንተ ግን ትረሳላችሁ።

ከእናንተ ወገን ያልሆነ ሰው ከሳላችሁ፣ ከዚያ ወገን የሆነ አንድ ጓደኛ ከመውጣቱ በፊት ያንብበው። «ያስከፋል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ በይሉኝታ አያስከፋም ይላችኋል። «ይህ ሰው እውነት ይመስላል ወይ?» በሉት።

ሰውን ለመግደል አትቸኩሉ። ገጸ ባሕሪ ሲሞት አንባቢ አንድ ቀን ይደነግጣል፤ እናንተ ግን በሕይወት ቢኖር ይሠራ የነበረውን ሁሉ ለዘለቄታው ታጣላችሁ።

የሥዕሉን መጠን ደግሞ አሳንሱ። አንባቢያችሁ የሚያነብበው በራሱ የዳታ ወጪ ነው፤ ከባድ ፋይል ገጠር ላለ ሰው አይከፈትለትም።

ውድ እህትና ወንድሞች፣ ማንኩሳን በመላ አገሪቱ ያሳወቃት የአንድ ሰው ብዕር ነው። ከቡሬ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ የሚወስደውን መንገድ፣ የበርበሬ ነጋዴውን ቤት፣ የመስጊዱን ሰፈር፣ በገበያ ቀን የሚገናኙትን የገጠርና የከተማ ሰዎች የሚያውቅ ተማሪ ከመካከላችን አለ። ያን ታሪክ ለመጀመር ስሕተት የሌለበት ሴራ እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም። አንባቢ ካዘነ ታሪኩን መዝኑት፤ ሥሩ ከሆነ ጽኑ። ሰው ከተበደለ ሐቁን መልሱ። ታሪኩ ከጠበባችሁ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ተሻገሩ። በሦስቱም መንገድ የሚጠብቃችሁ ያው አዲስ ገጽ ነው።